ምዕራፍ 7፦ የአሥራ ስምንት ሚሊ ሜትር ጭቅጭቅ

«ጋሼ፣ ደብዳቤ ጫን ይላል።»

ልጅቷ ይህን ያለችኝ ቀጨኔ፣ እናቷ ለገበያ ያዘጋጇቸው ጀበናዎች ግድግዳ ተደግፈው በተደረደሩበት ክፍል ውስጥ ነው። ወሩ ግንቦት ነው፤ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሊደርስ ጥቂት ሳምንት ቀርቶታል። መምህሯ በቴሌግራም የላኩትን የሂሳብ መለማመጃ አትማ በእርሳስ ልትሠራው ፈልጋለች። ላፕቶፑን የላከላት አሜሪካ ያለው አጎቷ ነው። ማተሚያው ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ ያገለገለ ሆኖ የተገዛ፣ ሁለት መስመር ጽሑፍ ብቻ የሚታይበት ትንሽ መስኮት ያለው፣ ጥቁርና ነጭ የሌዘር ፕሪንተር ነው። በመስኮቱ ላይ ብልጭ ድርግም የሚለው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ነው፦ «ሎድ ሌተር»። ልጅቷ መዝገበ ቃላት ገልጣ ፈታችው። ሎድ መጫን ነው፤ ሌተር ደብዳቤ ነው። ደብዳቤ ጫን።

«ወረቀቱን ሞልተንለታል፤ ምን ጎደለኝ ነው የሚለው?» አሉ እናትየው፣ እጃቸው ላይ የደረቀውን ጭቃ እያራገፉ።

እስከዚያ ሰዓት ድረስ ልጅቷ ያልሞከረችው አልነበረም። ማተሚያውን አጥፍታ አብርታለች። ቶነሩን አውጥታ ነቅንቃ መልሳለች። ገመዱን ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው አዛውራለች። አዲስ ወረቀት ጨምራለች፤ ያውም አንድ ደስጣ ሙሉ ተገዝቶ። ጽሑፉ ግን ንቅንቅ አላለም። የቤቱ ሰው ሁሉ «ተበላሽቷል» ብሎ ፈርዶ ነበር።

ምንም የተበላሸ ነገር አልነበረም። የዚህ ምዕራፍ ነገር ሁሉ የሚሽከረከረው በዚህ ላይ ነው፤ ማተሚያ የሚያወጣው ማስጠንቀቂያ አብዛኛውን ጊዜ የብልሽት ወሬ ሳይሆን ያለመስማማት ወሬ ነው። ሁለት ቦታ የተነገረው ነገር አልገጠመም ማለት ነው። የት የት እንደተነገረ ካወቅን ማስማማቱ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

መብራት በጠፋበት ቤት

መብራት የጠፋበትን ምሽት አስቡ። ከመኝታችሁ ተነስታችሁ ሻማ ፍለጋ ወደ ጓዳ ትሄዳላችሁ። አታዩም፤ ግን ቤታችሁን ታውቁታላችሁ። ከአልጋው ጠርዝ እስከ በሩ ሰባት እርምጃ፣ ከበሩ ወደ ግራ ሦስት፣ ከዚያ መደርደሪያው። የምትራመዱት ጭንቅላታችሁ ውስጥ ባለው ቤት ነው። ቀን ላይ አንድ ሰው ዱካ አምጥቶ መንገዱ ላይ ካኖረና ሳይነግራችሁ ከሄደ፣ ዱካው መኖሩን የሚነግራችሁ ቅልጥማችሁ ነው።

የቤት ማተሚያ ዕድሜውን ሁሉ የሚኖረው እንዲህ ባለ ጨለማ ውስጥ ነው። መሳቢያው ውስጥ ምን ወረቀት እንዳለ አያይም። ሰፊ ይሁን ጠባብ፣ ረጅም ይሁን አጭር፣ አንድ ሰው ነግሮታል፤ እርሱም አምኗል። ከዚያ በኋላ ሥራውን ሁሉ የሚሠራው በዚያ እምነት ነው።

ሙሉ በሙሉ ዐይን የለውም ማለት ግን አይደለም፤ መዳበስ ይችላል። ወረቀቱ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ምላስ አለች። የወረቀቱ ራስ ሲደርስ ትጋደማለች፤ ጅራቱ ሲያልፍ ተመልሳ ትቆማለች። ማተሚያው ወረቀቱን በምን ፍጥነት እንደሚስብ ስለሚያውቅ፣ ምላሷ ተጋድማ የቆየችበትን ጊዜ ቆጥሮ የወረቀቱን ርዝመት ያሰላል። ምላሷ ከተጠበቀው ጊዜ በላይ ተጋድማ ከቀረች ማተሚያው አንድ ነገር ብቻ ያስባል፤ ወረቀቱ መንገድ ላይ ተቀርቅሯል። ስለዚህ ቆሞ «ወረቀት ነክሻለሁ» ይላል። ሰው ክዳኑን ከፍቶ ሲፈልግ ግን የተነከሰ ወረቀት የለም። ያልነበረ ወረቀት ለመፈለግ ስንት ማተሚያ እንደተፈታታ ቤቱ ይቁጠረው። የሆነው ይህ ነው፤ ማተሚያው አጭር ወረቀት ነው ተብሎ ነበር፤ የገባለት ረጅሙ ነው። ዱካው መንገዱ ላይ ነበር።

አንዳንድ ባለ ፈሳሽ ቀለም ማተሚያዎች ደግሞ ከቀለሙ ጋር ወዲያና ወዲህ የምትመላለስ ትንሽ የብርሃን ዐይን አላቸው፤ የወረቀቱን ጠርዝ ለይታ ስፋቱን ትለካለች። ምዕራፍ 6 ላይ ያየናት፣ ጠብታ የምትረጨው ራስ ናት ይህችን ዐይን ተሸክማ የምትሄደው። እርሷም ብትሆን የምትለካው ወረቀቱ ከገባ በኋላ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለው ማተሚያ ማስጠንቀቂያውን የሚያወጣው ወረቀቱን ግማሽ ድረስ ከሳበ በኋላ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ሰው ይደነግጣል።

የቀጨኔው ማተሚያ ግን በራሱ ወረቀቱን አልነካውም። ገና ከመጀመሪያው፣ አንድ ቅጠል ሳይስብ ነው እምቢ ያለው። ይህ ራሱ ፍንጭ ነው፤ ያልገጠመው ነገር ወረቀቱ ሳይሆን ወሬው ነበር ማለት ነው።

አክንባሎው ለየትኛው ምጣድ ነው?

ቀጨኔ ስል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ሸክላ ነው፤ ሥራውን ይዘው የኖሩትም በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። እናትየውን ምሳሌ ያደረግኋቸውም እዚያው ቤታቸው ውስጥ ተቀምጠን ነው።

አንዲት ሴት ምጣድ አላት፤ አክንባሎ ያስፈልጋታል። ራሷ አልመጣችም፤ ልጅ ላከች። ምጣዱን ተሸክሞ የሚመጣ የለም፤ የሚመጣው ልኩ ነው፣ ያውም በቃል። ሸክላ ሠሪዋ ደግሞ በመደርደሪያዋ ላይ ተሠርተው የተቀመጡ አክንባሎዎች አሏት፤ የእያንዳንዱን ልክ ታውቃለች። እዚህ ጋ ሦስት አፍ አለ። ባለቤቲቱ አንድ ልክ ትናገራለች። ልጁ የሰማውን ያደርሳል። መደርደሪያው ያለውን ይዟል። ሦስቱ ከተስማሙ አክንባሎው ይሄዳል። ልጁ መንገድ ላይ ልኩን አሳስቶ ከመጣ ግን፣ ጨዋ ሸክላ ሠሪ ያልሆነውን አንስታ አትሰጥም፤ «ይህ ልክ የለኝም» ትላለች።

የማተሚያ ማስጠንቀቂያ ይኸው ነው። «ይህ ልክ የለኝም።»

በማተሚያው ዓለም ባለቤቲቱ ሰነዱ ነው። ማንኛውም ሰነድ፣ የወርድ ጽሑፍ ቢሆን ፒዲኤፍ፣ በምን ያህል ገጽ ላይ እንደተዘጋጀ በውስጡ ተጽፎ ይሄዳል። መልእክተኛው በምዕራፍ 5 አስተርጓሚ ብለን የጠራነው፣ በኮምፒውተሩ ውስጥ የሚቀመጠው ድራይቨር ነው። ያኔ እንዳየነው ድራይቨር የሰነዱን ቋንቋ ወደ ማተሚያው ቋንቋ ይመልሳል። ያኔ ያላነሳሁት ነገር አለ፤ አስተርጓሚው የራሱ ልማድም አለው። ካልተነገረው ወይም ነገሩ ካልጠራለት የለመደውን ልክ ይናገራል። ሦስተኛው መደርደሪያው፣ ማለትም የማተሚያው የወረቀት መሳቢያ ነው። መሳቢያው ሲባል ግን ልብ በሉ፤ ውስጡ ያለውን ወረቀት ማለቴ ሳይሆን በማተሚያው ሜኑ ውስጥ «ይህ መሳቢያ ይህን ወረቀት ይዟል» ተብሎ የተመዘገበውን ነው። የመደርደሪያው ምልክት እንጂ ዕቃው አይደለም። ምልክቱን የለጠፈው ሰው ተሳስቶ ከሆነ ማተሚያው አብሮ ይሳሳታል።

ልጅቷ ጋ ሦስቱን አንድ በአንድ ጠየቅን። መምህሯ የላኩት ፒዲኤፍ «ኤ4» አለ። የማተሚያው ሜኑ «ኤ4» አለ። መሳቢያው ውስጥ በእውነትም ኤ4 አለ። በመካከል ያለው መልእክተኛ፣ ከአሜሪካ የመጣው ላፕቶፕ፣ «ሌተር» አለ።

አንድ ጣት

ሌተር ደብዳቤ ብቻ አይደለም፤ የወረቀት ልክ ስምም ነው። ኤ4 ወርዱ 210፣ ቁመቱ 297 ሚሊ ሜትር ነው። ሌተር ወርዱ 216፣ ቁመቱ 279 ገደማ ነው፤ በትክክል ሲለካ 8 ከግማሽ በ11 ኢንች። ሁለቱን ደርቦ ያየ ሰው ሌተር በ6 ሚሊ ሜትር ሰፋ፣ በ18 ሚሊ ሜትር ገደማ አጠር ብሎ ያገኘዋል። ላፕቶፑ ከመጣበት ካርቶን ውስጥ በሌተር ወረቀት የታተመ መመሪያ ነበርና ከኤ4 ጋር ደረብነው። እናትየው ትርፉ ላይ ጣታቸውን አጋደሙበት።

«አንድ ጣት ነው» አሉ።

አንድ ጣት ከጎደለ አክንባሎ እንፋሎት እንደሚወጣ ለእርሳቸው ማስረዳት አላስፈለገኝም።

የኤ4 ታሪክ ከአንድ የጀርመን ሊቅ ይጀምራል። ጌኦርግ ሊሽተንበርግ እ.ኤ.አ. በ1786 ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ላይ፣ ለሁለት ሲታጠፍ ቅርጹ የማይለወጥ ወረቀት ምን ያህል ጥሩ እንደሆነ አነሳ። እስቲ ሞክሩት። አንድ ኤ4 ወረቀት ቁመቱን ለሁለት እጠፉ። የሚወጣው ትንሹ ወረቀት የትልቁ ልጅ ነው፤ መልኩ ቁርጥ እርሱን። ደግማችሁ ብታጥፉት የልጅ ልጁም እንዲሁ ነው። ይህ የሚሆነው ቁመቱ ከወርዱ 1.414 ጊዜ ሲበልጥ ብቻ ነው። ሌተርን ብታጥፉት ግን ልጁ እናቱን አይመስልም፤ ቀጠን ያለ ይወጣል።

ሐሳቡን ዋልተር ፖርስትማን የተባለ ሌላ ጀርመናዊ አነሳው፤ እ.ኤ.አ. በ1922 የጀርመን የወረቀት ደረጃ ሆኖ ጸደቀ። እ.ኤ.አ. በ1975 ደግሞ አይሶ 216 በሚል ስም ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ። ትልቁ ወረቀት ኤ0 ስፋቱ ልክ አንድ ካሬ ሜትር ነው፤ ኤ4 የሚገኘው እርሱን አራት ጊዜ በማጠፍ ነው፣ ስለዚህ የ16ኛው ክፍል ነው። ከዚህ አንድ ደስ የሚል ነገር ይገኛል። በደስጣው ማሸጊያ ላይ «80 ግራም» ተብሎ የሚጻፈው የአንድ ካሬ ሜትር ክብደት ነው። ለ16 ሲካፈል አንድ ኤ4 ቅጠል 5 ግራም ይመዝናል፤ 500 ቅጠል የያዘው ደስጣ ሁለት ኪሎ ተኩል። በእጃችሁ ስታነሱት የቀለላችሁ ደስጣ ካለ ወረቀቱ ስስ ነው፣ ወይም ቁጥሩ ጎድሏል።

ዓለም በአብዛኛው ኤ4ን ሲይዝ አሜሪካ፣ ካናዳ፣ ሜክሲኮና ፊሊፒንስን የመሳሰሉ አገሮች በሌተር ቀሩ። እኛ ከኤ4ዎቹ ጋር ነን። የምንጠቀምባቸው ፕሮግራሞችና ብዙዎቹ ላፕቶፖች ግን የሚመጡት ከሌተር አገር ነው። ኮምፒውተር ሲነሳ ከሚጠይቃቸው የመጀመሪያ ጥያቄዎች አንዱ «የት አገር ነህ?» የሚል ነው። አብዛኛው ሰው እንግሊዝኛን ሲመርጥ «እንግሊዝኛ፣ ዩናይትድ ስቴትስ» የሚለውን ተጭኖ ያልፋል። ቋንቋ የመረጠ ይመስለዋል፤ በዚያው ግን ወረቀትም መርጧል። በኋላ ማተሚያ ሲጫንለት ድራይቨሩ «ባለቤቱ አሜሪካ ነው» ብሎ ሌተርን ልማዱ ያደርጋል። ማንም በክፋት ያደረገው ነገር የለም። ዱካውን ያስቀመጠው ሰው ቀን ላይ መጥቶ ሄዷል፤ እኛ የምናገኘው ማታ ነው።

በምዕራፍ 2 የአማርኛ ፊደል ለምን ወደ ባዶ ሳጥን እንደሚለወጥ ስናይ ተመሳሳይ ነገር አግኝተን ነበር። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትሙ የኢትዮጵያን ፊደል እስኪያካትት ድረስ ላኪና ተቀባይ ለ«ሀ» የተለያየ ቁጥር ይዘው ነበር። ያኔም የተበላሸ ኮምፒውተር አልነበረም፤ ያልተስማማ ኮምፒውተር እንጂ።

ለነገሩ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው የሆኑ ሰዎችም በዚህ ቃል ግራ ተጋብተዋል። የኤችፒ ሌዘርጄት ማተሚያዎች በጠባቧ መስኮታቸው «ፒሲ ሎድ ሌተር» ይሉ ነበር። ፒሲ ሲባል ሁሉም ሰው ኮምፒውተር መሰለው፤ የወረቀት ካሴት፣ ማለትም መሳቢያ ለማለት ነበር። ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣ አንድ የአሜሪካ ፊልም ላይ የቢሮ ሠራተኛ ሲያናድድ ታየና በዚያው ዝነኛ ሆነ። ስለዚህ «ደብዳቤ ጫን» ብላ የፈታችው የቀጨኔ ልጅ የምታፍርበት ነገር የለም።

ስኒውና ጀበናው

አሁን ወደ ማስማማቱ እንግባ። መጀመሪያ ማተሚያው ዘንድ ሂዱ። በሜኑ አዝራሩ ገብታችሁ የወረቀት ወይም የመሳቢያ ቅንብር የሚለውን ፈልጉ፤ መጠኑን ኤ4፣ ዓይነቱን ተራ ወረቀት አድርጉ። መሳቢያውን አውጥታችሁ ወረቀቱን ግራና ቀኝ የሚያቅፉትን ክንዶች እስኪነኩት ድረስ ግፉ፤ ወረቀቱ እንዲጎብጥ ግን አታስጨንቁት። በአንዳንድ ማተሚያዎች ልኩ የሚታወቀው ከእነዚህ ክንዶች አቀማመጥ ነው።

ቀጥሎ ኮምፒውተሩ። ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል ፓነል ገብታችሁ የማተሚያዎቹን ዝርዝር ክፈቱ፤ የእናንተን ማተሚያ በቀኝ የማውስ አዝራር ተጫኑት። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሰናከለው፤ ስማቸው የሚቀራረብ ሁለት በሮች አሉ። አንዱ «ፕሪንቲንግ ፕሪፈረንስስ» ይባላል። ሌላው በ«ፕሪንተር ፕሮፐርቲስ» ተገብቶ፣ «አድቫንስድ» በሚለው ገጽ ውስጥ የሚገኘው «ፕሪንቲንግ ዲፎልትስ» ነው። ሁለቱም ስትከፍቷቸው አንድ ዓይነት መስኮት ያሳያሉ፤ አንድ ግን አይደሉም።

ቡና አስቡ። ስኒያችሁ ላይ ስኳር ብትጨምሩ የሚጣፍጠው የእናንተ ስኒ ነው። ጀበናው ውስጥ ጨው ቢጨመር ግን ከዚያ ጀበና የቀዳ ሁሉ ጨው ያገኛል። የመጀመሪያው በር ስኒ ነው፤ ያንን ኮምፒውተር በራሱ ስም ከፍቶ የገባውን ሰው ብቻ ይመለከታል። ሁለተኛው ጀበና ነው፤ በዚያ ኮምፒውተር ለሚጠቀም ሰው ሁሉ መነሻ ይሆናል። ወንድምና እህት በየስማቸው በሚከፍቱት ላፕቶፕ ላይ «እኔ አስተካክዬው ነበር፣ ማን መለሰው?» የሚለው ጠብ የሚነሳው ከዚህ ነው። ማንም አልመለሰውም፤ አንዱ የራሱን ስኒ ብቻ ነው ያጣፈጠው። የእኔ ምክር ሁለቱንም በሮች ከፍታችሁ ሁለቱንም ኤ4 እንድታደርጉ ነው። ማክ ያለው ሰው በማተሚያዎች ቅንብር ውስጥ መነሻ የወረቀት መጠን የሚል አንድ ምርጫ ያገኛል፤ እርሱን ይለውጥ።

አገሩንም አብራችሁ አስተካክሉ። በቋንቋና አካባቢ ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ ቀንና ቁጥር የሚጻፍበትን ልማድ ከዩናይትድ ስቴትስ ወደ ኢትዮጵያ ወይም ወደ ሌላ የኤ4 አገር ለውጡ። የተጫነው ማተሚያ በዚህ ብቻ ላይለወጥ ይችላል፤ ወደፊት የሚጫነው ግን ከመጀመሪያው ኤ4 ብሎ ይነሳል።

ሰነዱ የመጨረሻው ነው። ወርድ ላይ «ሌያውት» ውስጥ «ሳይዝ» የሚለውን ከፍታችሁ ገጹን እዩ። ጉግል ዶክስ ላይ «ፔጅ ሴትአፕ» ውስጥ ኤ4ን መርጣችሁ መነሻ አድርገው የሚለውን ተጫኑ፤ አለበለዚያ አዲስ ሰነድ በከፈታችሁ ቁጥር ሌተር ይመለሳል።

ልጅቷ ይህን ሁሉ አደረገች። ከዚያ ማተሚያው ዘንድ ሄደን ቆምን።

ሎድ ሌተር።

በወረፋ ላይ የቀረው

ፊቷ ላይ ያየሁትን ተስፋ መቁረጥ አውቀዋለሁ፤ ብዙ ሰው እዚህ ቦታ ላይ ትቶት ይሄዳል። የቀረው ግን በጣም ትንሽና ብዙ ጊዜ የማይነገር ነገር ነው።

«አትም» የሚለውን ስትጫኑ ኮምፒውተሩ ሰነዱን ብቻ አይልክም። አብሮ ትእዛዝ ይጽፋል፤ ስንት ቅጂ፣ በስንት ገጽ፣ በየትኛው ወረቀት። ትእዛዙ ከሥራው ጋር ታስሮ ወረፋ ይይዛል። መልእክተኛው ልጅ የተሳሳተውን ልክ ይዞ ሸክላ ሠሪዋ ደጃፍ ደርሶ ቆሟል እንበል። ባለቤቲቱ ቤቷ ሆና ሐሳቧን ብታስተካክል በደጃፉ የቆመው ልጅ አይሰማም፤ እርሱ የያዘው የጠዋቱን ነው። ቅንብር መለወጥ ከዚያ በኋላ የሚላከውን እንጂ አስቀድሞ የሄደውን አይለውጥም።

ልጅቷ ደግሞ «አትም» የሚለውን ከአንድ ጊዜ በላይ ተጭናዋለች። የማተሚያውን ወረፋ ስንከፍተው አሥራ አንድ ሥራ ተደርድሯል፤ አሥራ አንዱም ሌተር የሚል ትእዛዝ የታሰረባቸው። ሁሉንም ሰረዝናቸው። አንዱ አልሰረዝም ሲል ማተሚያውንም ላፕቶፑንም አጥፍተን አበራን፤ ያኔ ጠፋ። በቴክኒክ ሥራ ውስጥ አጥፍቶ ማብራት አስማት የሚመስለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፤ በደጃፍ የቆሙትን መልእክተኞች ያሰናብታል።

ዝም ማሰኘት

አንዳንዱ ማተሚያ የወረቀት ልክ ማመሳከሪያውን ጨርሶ ማጥፋት ያስችላል። ሌላው ደግሞ ማስጠንቀቂያው ሲመጣ የመቀጠያውን አዝራር ብትጫኑ «እሺ» ብሎ ባለው ወረቀት ላይ ያትማል። ለአንድ ቸኩላችሁ ለምታትሙት ገጽ መቀጠያውን መጫን ክፋት የለውም። ማመሳከሪያውን ማጥፋት ግን አልወድም፤ ለምን እንደማልወድም በአንድ ምሳሌ ላሳይ።

የኤ4 ገጽ በሌተር ላይ ሲታተም እንዲገጥም ፕሮግራሙ ወደ 94 በመቶ ያሳንሰዋል። ለንባብ ምንም አይደለም፤ ዐይን አይለየውም። ግን በገጹ ላይ ሦስት በአራት ጉርድ ፎቶ አለ እንበል። ሦስቱ ሳንቲ ሜትር 2.8 ይሆናል፤ አራቱ ከ3.8 በታች ይወርዳል። ፎቶው ተቆርጦ ማመልከቻ ላይ ሲለጠፍ ሳጥኑን አይሞላም። ልጅቷ የያዘችው የሂሳብ መለማመጃ ላይም «በማስመሪያ ለክተሽ ስፋቱን አግኚ» የሚል ጥያቄ ነበር። 10 ሳንቲ ሜትር ተብሎ የተሳለው መስመር በ94 በመቶ 9.4 ይሆናል። ልጅቷ በትክክል ለክታ የተሳሳተ መልስ ታገኝ ነበር፤ የተሳሳተችውም እርሷ ትመስል ነበር።

ሸክላ ሲደርቅና ሲተኮስ እንደሚያንስ ለሙያተኛ አይነገርም፤ ከመጀመሪያው ተለቅ አድርጋ ትሠራዋለች። የሚያስቸግረው ማነሱ አይደለም፤ ማነሱን አለማወቅ ነው። ስለዚህ ልክ የሚፈልግ ነገር ስታትሙ፣ ኮምፒውተሩ ላይ በሚከፈተው የህትመት መስኮት «ፊት» ከሚለው ይልቅ «አክቹዋል ሳይዝ» የሚለውን ምረጡ። ካተማችሁ በኋላም አንዱን መስመር በማስመሪያ ለኩት።

የኅዳግ ማስጠንቀቂያም የዚሁ ዘመድ ነው። ወርድ «ጽሑፍህ ከሚታተመው ክልል ውጭ ነው» ሲል፣ ማተሚያው ወረቀቱን የሚይዝበት ጠርዝ ላይ ቀለም ማድረስ አልችልም ማለቱ ነው። በብዙ ሌዘር ማተሚያዎች ይህ ጠርዝ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የብራና ጸሐፊዎቻችን ከመጻፋቸው በፊት ገጹን በወስፌ ወግተው ኅዳጉንና መስመሩን ያበጁ ነበር፤ ቀለሙ የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። ኅዳጉን ወደ ሁለት ሳንቲ ሜትር መልሱት፤ ማስጠንቀቂያው ይጠፋል።

ከአሜሪካ ለሚመጣ ማተሚያ

ዘመድ ላፕቶፕ ብቻ ሳይሆን ማተሚያም የሚልክላችሁ ከሆነ ሁለት ነገር አስቀድማችሁ ጠይቁ። የመጀመሪያው ኤሌክትሪክ ነው። የእኛ ሶኬት 220 ቮልት ነው፤ የአሜሪካ 120። ብዙዎቹ ባለ ፈሳሽ ቀለም ማተሚያዎች ጀርባቸው ላይ ከ100 እስከ 240 የሚል ጽሑፍ አላቸው፤ እነርሱ ይሠራሉ። የሌዘር ማተሚያ ግን ቀለሙን በሙቀት ስለሚያጣብቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ለአንዱ ብቻ ነው። ከ110 እስከ 127 የሚል ከሆነ እንዳለ ሶኬት ላይ አትሰኩት፤ ሰክቶ መመለስ የለም። ሁለተኛው ካርትሪጅ ነው። አንዳንድ አምራቾች ማተሚያውንና ካርትሪጁን በአገር ክልል ያስራሉ፤ አሜሪካ የተገዛው ማተሚያ እዚህ የተገዛውን ካርትሪጅ «አላውቀውም» ሊል ይችላል። ያም ማስጠንቀቂያ የብልሽት አይደለም፤ ግን በሴቲንግ ብቻ አይፈታም።

በዋይፋይ የሚሠራ ማተሚያ ያለው ሰው ደግሞ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር «ኦፍላይን» የሚል ጽሑፍ ሊያይ ይችላል። መብራት ሲመለስ የዋይፋይ መሣሪያው ለማተሚያው አዲስ አድራሻ ይሰጠዋል፤ ላፕቶፑ ግን በድሮው አድራሻ ያንኳኳል። ማተሚያውን ከላፕቶፑ አውጥቶ እንደገና መጨመር፣ ወይም በዋይፋይ መሣሪያው ውስጥ ለማተሚያው ቋሚ አድራሻ መስጠት ይፈታዋል።

ወረፋው ባዶ ከሆነ በኋላ ልጅቷ መለማመጃውን እንደ አዲስ ላከችው። ማተሚያው ትንሽ ዝም አለ፤ ከዚያ ውስጡ መሞቅና መሽከርከር ጀመረ። አሥራ ሁለት ገጽ አንድ በአንድ ወጣ፣ እስከ ግርጌው ሞልቶ። ማስመሪያዋን አውጥታ የአራተኛውን ጥያቄ መስመር ለካች፤ ዐሥር ሳንቲ ሜትር። እኔ ከመምጣቴ በፊት በመቀጠያው አዝራር ተገፍተው የወጡ፣ ግርጌያቸው አንድ ጣት ባዶ የሆነ ስድስት ሰባት ቅጠሎች ጠረጴዛው ላይ ቀርተው ነበር። እናትየው ሰብስበው አጨማደዷቸውና፣ ለቅዳሜ ገበያ ሲጫኑ እንዳይጋጩ በጀበናዎቹ መካከል ወተፏቸው።